በጀርባዬ ያዘልኩት መርጫ፦ ስለ ኩላሊቴና ስለ መውለድ ከራሴ የተማርኩት

በቀወት ወረዳ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉ የመስኖ ማሳዎች ላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በግብርና ልማት ሠራተኝነት፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአባቴ የሽንኩርት ማሳ ላይ በፀረ ተባይ ረጪነት ቆይቻለሁ። በኋላ ላይ በኩላሊቴም በመውለድም በኩል ችግር ገጠመኝ። ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔና ባለቤቴ ከጤና ጣቢያ ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ስንመላለስ ባሳለፍናቸው አራት ዓመታት ውስጥ ማንም «እጅህ የሚነካው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ስላልጠየቀኝ፣ እኔም ነገሩ ከሕመሜ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ሳልናገር በመቅረቴ ነው። በየጤና ተቋሙ የወጣልኝ ካርድ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የመንግሥት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አልነበረም፤ ግን ማንም ሐኪም ያንን አይቶ ስለ ፀረ ተባይ እንዲያስብ የሚያደርግ አልነበረም። በባለቤቴ ካርድ ላይ ደግሞ «የቤት እመቤት» የሚል አለ። እሷም ብትሆን ሽንኩርቱን የምታርመውና የምትነቅለው ከእኔ እኩል ነበር።

ሮቢትን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርድ ሹራቡን እያወለቀ የሚደርስበት ሞቃት ቆላ ነው። ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ትምባሆ ይበቅልበታል። ሽንኩርት በበጋ በመስኖ ሲለማ ትሪፕስ የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ቅጠሉን እያነጣች ታደርቀዋለች፤ ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየአምስት ቀኑ መርጨት በአካባቢያችን የተለመደ ነው። የአባቴ ማሳ ሁለት ጥማድ ስለሆነ ብዙ የሚባል አይደለም። ሆኖም የጎረቤትንም፣ የአጎቴንም፣ ለሠርቶ ማሳያ የተመደበውንም ስረጭ ስለምውል አንዳንድ ሳምንት ሦስትና አራት ቀን መርጫ ከጀርባዬ አይወርድም ነበር።

አረጫጨቱን በዝርዝር ልግለጸው፤ ምክንያቱም በኋላ ሐኪሙ አንድ በአንድ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። መርጫው አሥራ ስድስት ሊትር የሚይዝ፣ በጀርባ የሚታዘል፣ በግራ እጅ እየተነዳ በቀኝ እጅ የሚረጭ ነው። መድኃኒቱን የምንለካው በራሱ ጠርሙስ ክዳን ነበር። ትሪፕሱ አልሞት ሲል ሁለት ዓይነት ፀረ ነፍሳት፣ ለሽንኩርቱ በሽታ ደግሞ የማንኮዜብ ዱቄት አንድ ላይ ጨምረን በእንጨት እናማስላለን። የመርጫው ክዳን ጎማው አልቆ ስለነበር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ውሃው በአንገቴ ሥር እየሾለከ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ቀበቶዬ ጋ ይጠራቀማል፣ ከዚያም ወደ ታች ይሰርጋል። እኩለ ቀን ሲሆን ሱሪዬ ከወገቤ እስከ ብሽሽቴ ርሶ ይገኛል። ሙቀቱ እዚያው ላዬ ላይ ያደርቀውና ከሰዓት በኋላ እንደገና ይርሳል። የመርጫው አፍ፣ ኖዝሉ፣ ሲደፈን ነቅዬ በአፌ እነፋዋለሁ። ማታ ሱሪውን በር ላይ ካለው ሚስማር እሰቅለውና በነጋታው ያንኑ እለብሳለሁ። ቅዳሜ ባለቤቴ ከአንሶላው ጋር በአንድ ሳፋ ታጥበዋለች።

ይህን ሁሉ የማደርገው ደግሞ አርሶ አደሩን ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀም እያስተማርኩ ነው። በጠርሙሱ ገላጭ ጽሑፍ ግርጌ ያለውን ቀለም አስረዳ ነበር፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ጠንቀቅ የሚያሰኝ፣ አረንጓዴ ደግሞ በመደበኛ አጠቃቀም አጣዳፊ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ። «አጣዳፊ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቆሜ አላውቅም። ቀለሙ የሚናገረው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠጣው ወይም ብዙ ቢነካው ስለሚደርስበት መመረዝ ብቻ ነው፤ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲገባ በዘር ፍሬ፣ በፅንስ ወይም በእንቅርት ዕጢ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር አይናገርም። ማንኮዜብ አረንጓዴ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን ማንኮዜብን የመራባት ጤናን ይጎዳሉ ከሚባሉት ኬሚካሎች መድቦት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል። እኔ ጓንት የማደርገው ቢጫውን ስይዝ ነበር፤ የአረንጓዴውን ዱቄት በባዶ እጄ እዘግን ነበር።

የተጋባነው በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ዓመት ሲያልፍ እናቴ፣ ሁለት ዓመት ሲሆን አማቴ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ባለቤቴን ማየት ጀመረ። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወዴት እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሁለት ሳምንት ከረመች። እኔም እስከ አረርቲ ሸኝቻት ተመልሼ ሽንኩርቴን ስረጭ ሰነበትኩ። አንድ ክሊኒክ እንቁላል የሚያበስል ኪኒን ለስድስት ወር አዘዘላት። በሌላ ቦታ የማህፀን ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማየት ቀለም ተከትቶ ራጅ ተነሣች፤ ሕመሙን እስካሁን ታነሳዋለች። ውጤቱ ሁሉ ደህና ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ ከበር ውጭ ተቀምጬ የምጠብቅ ባል ነበርኩ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ በዕድሜ ጠና ያለች ሲስተር የባለቤቴን የወረቀት ክምር አገላበጠችና ወደ እኔ ዞራ «ወንድሜ፣ አንተስ ተመርምረሃል?» አለችኝ። አልተመረመርኩም አልኳት። «እህ! ታዲያ የምትፈልገው ምርመራ እዚህ ውስጥ የለማ» ብላ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ለባለቤቴ መለሰችላት። የዓለም ጤና ድርጅት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አሥራ ሁለት ወር አብረው ኖረው ካልፀነሱ መካንነት ብሎ እንደሚመዘግበው፣ ምርመራውም የሁለቱም መሆን እንዳለበት፣ መዘግየቱ ውስጥ በግማሽ በሚያህለው የወንዱ ችግር ድርሻ እንዳለው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰምቼም ስምንት ወር አልሄድኩም። ምክንያቴን ባሳምር ውሸት ይሆናል፤ አፍሬ ነው።

ለምርመራው ለሚሄድ ሰው ይጠቅም ዘንድ የማውቀውን ልጻፍ። የዘር ፈሳሹ የሚሰጠው ከግንኙነት ሁለት ቀን አንስቶ እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ ነው። ከዚያ ያነሰም የበዛም ቀን ውጤቱን ያዛባዋል። የመጀመሪያው ፈሳሽ ከፈሰሰ ለላቦራቶሪው መንገር ይገባል፤ ከዘሩ ብዙው ያለው በመጀመሪያው ላይ ነውና። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የሰውነት ሙቀት ሳይለየው መድረስ አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ከሮቢት ይዤው ልሄድ አስቤ ነበር፤ ከሮቢት ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድና የጣርማ በርን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ እንደማይሆን ይገባዋል። እዚያው ሆስፒታል መጸዳጃ ቤት ውስጥ መስጠት ግድ ሆነ። በሩ አይቆለፍም ነበር፤ ባለቤቴ ውጭ ቆማ ጠበቀችልኝ። አንድ ምርመራ ደግሞ አይበቃም። የዘር ቁጥር በአንዱ ሳምንትና በሌላው መካከል በጣም ስለሚለያይ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት መደገም አለበት።

የመጀመሪያው ውጤቴ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአንድ ሚሊ ሊትር አራት ሚሊዮን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አምስት ሚሊዮን ሆነ። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዝቅተኛ ወሰን 15 ሚሊዮን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው እትም 16 ሆኗል። ከወሰኑ በታች መሆን አይወልድም ማለት አይደለም፣ ከበላዩ መሆንም ይወልዳል ማለት አይደለም ብሎ ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ደግሞ ነገረኝ፤ እኔ ግን በዚያን ሰዓት የሰማሁት ቁጥሩን ብቻ ነበር። በልጅነቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እንደሆነ፣ ጫትና ሲጋራ እንደምጠቀም፣ የዘር ፍሬዬ አካባቢ ያበጠ የደም ሥር እንዳለ፣ ስኳርና ደም ግፊት በቤተሰብ እንዳለ ጠየቀኝ፣ መረመረኝም። ከዚያ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘ። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ ክሪያቲኒኔ ደግሞ 1.7 ሆነ።

ክሪያቲኒን ጡንቻ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ እያጣሩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ይመጡታል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ነው። በዚህ መመለስ ሂደት ውስጥ ውሃው ሲመጠጥ መርዙ እየጎለበተ በኩላሊቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሌላው የሰውነት ክፍል ሳይሰማው ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ክሪያቲኒን ከልኩ በላይ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ ከደከመ በኋላ መሆኑን ሳውቅ ነው የደነገጥኩት። አሞኝ አያውቅም ነበር። እግሬ አላበጠም፣ ሽንቴም አልተለወጠም። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር።

ነገሩን የፈታው ስለ ኩላሊቴ የተነሣ ተራ ጥያቄ ነው። ዶክተሩ «የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለህ?» አለኝ። ዳይክሎፌናክ እንደምወስድ ነገርኩት። «ስንት ጊዜ?» «ወገቤን ሲያመኝ።» «መቼ መቼ ነው የሚያምህ?» ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «መርጫ ሲያዝል ነዋ ዶክተር፤ በጋውን ሙሉ ሽንኩርት ይረጫል እኮ!» አለች። ዶክተሩ ካርዴን አነሣ፣ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን አየ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ በአራት ዓመት ውስጥ ከሐኪም ጋር ከተነጋገርኩባቸው ጊዜዎች ሁሉ ረዥሙ ነበር።

የምረጨውን ንገረኝ ሲለኝ ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ ነው በስም የጠራሁት። አስተማሪው እኔ! ሌሎቹን «ያ ነጩ ጠርሙስ»፣ «ያ የሚሸተው» እያልኩ ስገልጽ ባለቤቴ አቀርቅራ ሳቀች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባዶ ጠርሙሶቹን ሳይሆን ገላጭ ጽሑፎቻቸውን ላጬ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ፕሮፌኖፎስ፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ማላታይን የተባሉት ፀረ ነፍሳት፣ ማንኮዜብ፣ እንዲሁም ለስንዴና ለጤፍ አረም የምንጠቀምበት ቱ ፎር ዲ ነበሩ። ገላጭ ጽሑፍ ስል የንግድ ስሙን ማለቴ አይደለም፤ ያው ንጥረ ነገር በብዙ የንግድ ስም ስለሚሸጥ ለሐኪም የሚጠቅመው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የንጥረ ነገሩ ስምና መጠኑ ነው።

ዶክተሩ የተናገረውን እስከ ዛሬ የማከብረው ስላላጋነነ ነው። ፕሮፌኖፎስና ማላታይን በሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆዩም፣ በቀናት ውስጥ ተፈጭተው በሽንት ይወጣሉ፤ ስለዚህ የሰባት ዓመቱን ርጭት ዛሬ ከደሜ ውስጥ ሊያወጣልኝ የሚችል ምርመራ እንደሌለ ነገረኝ። «የቀረህ ማስረጃ አንተ የምታስታውሰው ነው» አለኝ። ለኩላሊቴ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ተጠርጣሪ አስቀመጠልኝ፤ የምረጨው መድኃኒት፣ ሙቀቱና ዳይክሎፌናኩ። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ኩላሊት ወደ ውስጡ የሚገባውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝበት የራሱ ዘዴ አለው፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ያንን ዘዴ ይዘጉበታል። እኔ ደግሞ ጠዋት አንድ ኪኒን ውጬ፣ ቱታ ሳይሆን ወፍራም ጃኬት ለብሼ፣ እጄ ስለተበከለ ውሃ ሳልጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሮቢት ፀሐይ ሥር እውላለሁ። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቆጣኝም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ውስጥ ከእኔ ጋር የተገናኘውን ብቻ አነሣለሁ። በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ የፓስፊክ ዳርቻ የሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ፣ በስሪላንካ ሰሜን ማዕከላዊ ክፍለ ሀገር ደግሞ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ስኳርም ደም ግፊትም የሌለባቸው ወጣት ገበሬዎች ኩላሊታቸው እየደከመ ሲሞቱ ሐኪሞች ማስተዋል ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗል። መንስኤው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ሙቀትና የውሃ ጥማት ነው ይላል፣ ሌላው የግብርና ኬሚካል ነው ይላል፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚልም አለ። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም እስከ ማገድ ደርሳ በኋላ አላልታዋለች። በመካከለኛው አሜሪካ ደግሞ ለቆራጮቹ ውሃ፣ ዕረፍትና ጥላ ማዘጋጀት ላይ ያተኮሩ ሥራዎች ተጀምረዋል። መንስኤው እስኪታወቅ ሳይጠብቁ ውሃና ጥላ መስጠት መጀመራቸው አስተዋይነት መሰለኝ። እኔም ማሳው ዳር ካለችው ግራር ሥር የታሸገ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ማስቀመጥ የጀመርኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ስለ መውለድ ያነበብኩት ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በካሊፎርኒያ ላትሮፕ በምትባል ከተማ ዲቢሲፒ የተባለ የአፈር ትልን የሚገድል ኬሚካል በሚመረትበት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ፣ እዚያ ክፍል ከገቡ ወዲህ ማናቸውም ልጅ እንዳልወለዱ ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶናልድ ዎርተን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሲመረምሯቸው ብዙዎቹ የዘር ቁጥራቸው እጅግ ዝቅ ያለ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ኬሚካሉ የእንስሳትን የዘር ፍሬ እንደሚያመነምን ግን እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ላይ ተጽፎ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ በመደርደሪያ፣ ሰዎቹ በፋብሪካ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከሠራተኞቹ የተወሰኑት ከሥራው ከራቁ በኋላ ዘራቸው ተመልሷል፣ ጨርሶ የጠፋባቸው ብዙዎቹ ግን አልተመለሰላቸውም። ዲቢሲፒ እኛ ከምንረጨው ጋር አንድ አይደለም፤ እኔም ያ በእኔ ላይ ደረሰ አልልም። ያስገረመኝ ነገሩን ያወቁት ሰዎቹ ራሳቸው፣ ያውም በወሬ መሆኑ ነው። በሮቢት እኔ የማውቃቸው ረጪዎች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ ይመሻል። «ልጅ ዘገየብኝ» ብሎ ለባልንጀራው የተናገረ ወንድ ግን አንድም አላጋጠመኝም። እኔም አልተናገርኩም ነበር።

ሌላው ስለዚያ እርጥብ ሱሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋርድ ማይባክና ባልደረቦቹ ፓራታይን የተባለው ፀረ ነፍሳት በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ቆዳ ላይ ሲቀባ ምን ያህሉ ወደ ውስጥ እንደሚገባ በሰዎች ላይ ለክተው አሳትመዋል። ከክንድ ቆዳ የገባው ዘጠኝ በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ የገባው ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ተነሥቼ መርጫውን ከጎተራው ሥር አወጣሁና የክዳኑን ጎማ አየሁት። በጥቂት ብር የሚለወጥ ጎማ ነው። እኔ ግን ስንት በጋ «ይቺ ነገር ታንጠባጥባለች» እያልኩ አልፌው ነበር። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሲወራ ሰምቻለሁ፣ ራሴም አውርቻለሁ፤ ስለ ክዳን ጎማ ያስተማረ ሰው ግን አላውቅም።

ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መርጨትም ዳይክሎፌናክም አቆምኩ። የዘር ህዋስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመብሰል 74 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ለውጥ ካለ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ እንደሆነ፣ ኩላሊቱም ቢሆን «ቆይቶ የሚኖር ሕመም» የሚባለው ጉዳቱ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀጠሮ እንድናይ ዶክተሩ ወሰነ። ቀጠሮው በኮሮና ምክንያት ወደ ሰኔ ተገፋ። ክሪያቲኒኑ 1.3፣ ዘሩ ዘጠኝ ሚሊዮን ሆነ። በዓመቱ ክሪያቲኒኑ 1.1 ላይ ረጋ፣ የሽንት ፕሮቲኑ ጠፋ፣ ዘሩም 17 ሚሊዮን ደረሰ። ባለቤቴ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ፀነሰች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ ሆዷን ይዛ ደብረ ብርሃን ወጣን፤ ልጃችን በሚያዝያ ተወለደች። መርጨት በማቆሜ ነው የወለድኩት ብዬ ለማንም አልናገርም። በዚያው ዓመት ማስታገሻውንም ትቻለሁ፣ ውሃም መጠጣት ጀምሬያለሁ፣ በፀሐይ መዋልም ቀንሻለሁ፣ ዕድልም አለ። አንድ ሰው ብቻውን ጥናት አይሆንም። በስድስት ወር አንዴ ሽንቴንና ክሪያቲኒኔን አሁንም አስመረምራለሁ፤ ዶክተሩ አንዴ የተጎዳ ኩላሊት ለሁለተኛው ጉዳት ቅርብ ነው ስላለኝ።

እንደ እኔ ልጅ የዘገየበት፣ ወይም ያለ ምክንያት ኩላሊቱ ላይ ችግር የተገኘበት ረጪ ካለ፣ ወደ ሐኪም ሲሄድ ይዞት ይሂድ የምለው አንድ ደብተር ነው። የእኔ ደብተር ላይ የረጨሁበት ቀን፣ የንጥረ ነገሩ ስም፣ ስንት መርጫ እንደረጨሁ፣ ልብሴ የራሰበት ቦታ፣ ያን ቀን የወሰድኩት ኪኒንና የተሰማኝ ነገር ካለ ተጽፏል። ወደ ኋላ ሄጄ የሰባቱን ዓመት ለመሙላት ስሞክር ከባለቤቴ ጋር ሦስት ምሽት ፈጀብን፤ እሷ የምታስታውሰው በዓል በዓሉን እየቆጠረች ነበር፣ «የጥምቀት ሰሞን ራስህን አዙሮህ የተኛህ ጊዜ»፣ «ምራቅህ የበዛበት፣ ዓይንህ የጨለመብህ ጊዜ» እያለች። ምራቅ መብዛት፣ ማላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የጡንቻ መንቀጥቀጥ የእነ ማላታይን አጣዳፊ መመረዝ ምልክቶች እንደሆኑና ያን ዕለት መሄድ የነበረብኝ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ አልጋ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ። ወተት ጠጥቼ ነበር የተኛሁት። ወተት አያረክሰውም። ሚስት ያላችሁም ደብተሩ ላይ የእሷን አትርሱ፤ የረጠበ ልብስ ማጠቧን፣ በተረጨ ማግስት ገብታ ማረሟን፣ ፀንሳ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ።

ያልፈታሁትን ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። እኔ መርጨት ባቆምም ማሳው መረጨቱን አላቆመም። ርጭቱን ከሳምንት አንዴ ወደ አሥራ አምስት ቀን አንዴ አውርደነዋል፤ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልጠን ትሪፕሱን ቆጥረን ነው የምንረጨው፣ ማደባለቅም ትተናል። የሚረጨው ግን ከመንዝ ወርዶ በቀን ሥራ የሚተዳደር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቦቲ ጫማ፣ ጓንትና ቱታ ገዛሁለት፣ የመርጫውን የክዳን ጎማ ለወጥኩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳይረጭ ተነጋገርን። ጓንቱን ሙቀቱ ሲያስጨንቀው ያወልቀዋል፤ እኔም ማውለቄን እያስታወስኩ እቆጣዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ያለበት አገር እንደሆንን ለአርሶ አደሩ ሳስተምር የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በእኔው ማሳ ላይ ያለውን ቁጥጥር የማደርገው ግን እኔው ራሴ ብቻ ነኝ።

ባለፈው የካቲት ይህ ልጅ ራሱን አመመኝ ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ጻፈችና «ሥራ?» አለችው። «የቀን ሠራተኛ» አላት። «የለም፣ ፀረ ተባይ ረጪ ብለሽ ጻፊለት፤ ከትናንት ወዲያ ፕሮፌኖፎስ ረጭቷል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ አይበቃም» አለችኝ። ካርዱን አዙራ በጀርባው በኩል፣ እኔ ፊደሉን እየነገርኳት፣ ጻፈችው።